ከአንጎለላ ወንጪ፣ የከብት ገብስ ፍለጋ

ወንጪ ድረስ የሄድኩት ገብስ ለማየት ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ሰው ሐይቁን ለማየት ይሄዳል፣ ደሴቱ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ይሄዳል። እኔን የወሰደኝ ገብስ ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ፍሬ ናት። የተጣላሁት ከአባቷ ከተሾመ ጋር ስለሆነ እየጻፈች ትስቃለች። ትሳቅ፤ ብቻ ከራሷ እንዳትጨምርበት።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ባለው ዓመት፣ ግንቦት ላይ ነው። ተሾመ ከስብሰባ መጣና «ዘንድሮ ማሳውን በሙሉ የቢራ ገብስ ነው የምዘራበት፤ ፋብሪካው ራሱ መጥቶ ይረከባል» አለኝ።

«ጥቁሩ ገብስስ?»

«ሁለት ቁና ናት የቀረችው። በሬዎቹ ይብሏትና ትለቅ።»

ደሜ ፈላ። በእኛ መንደር ጥቁር ገብስ የሚዘራ ሌላ ሰው የለም፤ ያቺ ሁለት ቁና ካለቀች ዘሩ አለቀ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ጥቁር ገብስ የበላ በሬ ቀንበር እንደማይከብደው፣ ገለባውን የበላች ላም ወተቷ እንደማይሳሳ ነው። ነጩ ለሰው፣ ጥቁሩ ለከብት፤ እንዲህ እየተባልን ነው ያደግነው። «የቢራ ገብስ የበላ ከብት አንገቱ ይቀጥናል» አልኩት።

«ማን አየ?» አለኝ። «አክስቴ አስካለ አገር፣ ወንጪ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚዘራው። ፈረሶቻቸው ያብረቀርቃሉ አሉ።»

«እሱንስ ማን አየ?»

ሁለታችንም አላየንም። እንግዲያው ልሂድና ልይ አልኩ። ተስማማን፦ ለከብት ጥቁሩ በልጦ ካገኘሁት ተሾመ ይዘራዋል። የቢራው ከበለጠ ደግሞ ያቺን ዘር በገዛ እጄ ለበሬዎቹ አቀርባለሁ፣ አንድ ቃል አልተነፍስም። እስክመለስ ዘሩን ላይነካ ማለልኝ። እኔም ከላዩ ላይ ግማሽ ቁና ዘግኜ በከረጢት ቋጠርኩ። ወሬ ብቻ ይዞ መሄድ ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ቀን ያው የምናውቀው መንገድ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁ። ኮተቤ የእህት ልጅ አለችኝ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ደረጃውን ሦስት ጊዜ እያረፍኩ ወጣሁት። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ሁሉ ነገር አለ፤ ግን በጠቅላላው ሕንፃ አንድ ከብት የለም። የድንች ልጣጩን፣ የጎመን ግንዱን በፌስታል ቋጥራ ስትጥል አይቼ አንጀቴ አረረ። እኛ ቤት ቢሆን ላሟ አፏን ከፍታ ነበር የምትጠብቀው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አስኮ መናኸሪያ አድርሳኝ የአምቦ አውቶቡስ ውስጥ አስቀመጠችኝ። ከረጢቴን ጭኔ ላይ ልይዝ ስል ረዳቱ «እማማ፣ ለእግርዎ ቦታ አይኖርም» ብሎ ተቀብሎኝ ጣራ ላይ ሰቀለው። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም፤ ግን ኋላ መከራ አሳየኝ።

ከሆለታ ወዲያ አገሩ እየሰፋ፣ አፈሩ እየጠቆረ ይሄዳል። አንዲት ኩበት ለአመል እንኳ በመንገድ ዳር ተከምራ አላየሁም። እኛ ዘንድ በየደጁ ከሰው ቁመት የበለጠ የኩበት ክምር ነው ያለው። እነዚህ በምን ነው የሚያነዱት እያልኩ በመስኮት ሳይ ጊንጪ ላይ ጎማ ተነፈሰ።

ጎማው እስኪቀየር ወረድን። የገበያ ቀን ነበር። እህል ተራውን ሳይ እግሬ አላስቆም አለኝ። አንዲት ሴት ዘንድ የአራት ዓይነት ገብስ ክምር አየሁና አንድ በአንድ በመዳፌ እየመዘንኩ ስጠይቃት፣ አማርኛዋ ትንሽ፣ የእኔ ኦሮምኛ ምንም፣ በእጅ በእጅ ስንግባባ ጊዜው ሄደ። ለካ ጎማው ተቀይሮ አልቋል። ረዳቱ እያለከለከ መጣ።

«እማማ! ሰው ሁሉ እርስዎን ነው የሚጠብቀው!»

«ገብስ እያየሁ ነው እኮ።»

«አገርዎ ገብስ የለም?»

«አለ እንጂ።»

«ታዲያ እሱን አይተውት አያውቁም?»

ስገባ አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ለይቅርታ የያዝኩትን የሰነፍ ቆሎ አዞርኩላቸው። ሰነፍ ቆሎ ልብስ የሌለው ገብስ ነው፤ ሳይሸከሸክ ይቆላል፤ ለዚህ ነው ስሙ። ለእህቴ ለአስካለ የያዝኩት ነበር፤ አምቦ ስንደርስ እፍኝ አይሞላም።

ከጊንጪ ወዲያ ዝናቡ ወረደ። እንደ እኛ አገር ተንጠባጥቦ የሚያባራ አይደለም፤ በባልዲ ነው የሚደፋው። አምቦ ገብተን ከረጢቴ ሲወርድ ውሃው ከሥሩ ይፈሳል። የወንጪ መኪና አምልጦኛል፣ ዘሬ ረጥቧል፣ ሌሊቱን እንዲሁ ካደረ ያቆጠቁጣል። የአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እውነቱን ነው የምናገረው፤ ለግማሽ ቁና ገብስ አለቀስኩ።

ሱቁ የከብት መኖ ነው የሚሸጠው፤ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ በማዳበሪያ የተሞላ እህል። ባለቤቱ ሐጂ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ጢማቸው ሂና የነካው። «እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። ከረጢቱን ከፍቼ አሳየኋቸው።

ስቀው ያልፉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው እጃቸውን ከተቱና አንስተው አሸተቱት። «ዘር ነው?»

«ዘር ነው።»

«ዘይነባ!» ብለው ወደ ጓሮ ጮኹ። ሚስታቸው መጣች። ሁለቱም ሆነው የቤታቸው ወለል ላይ ሸራ አነጠፉ፣ ገብሴን ቀጭን አድርገው በተኑት፣ ከሰል አቀጣጥለው ዳር ላይ አኖሩ። እኔንም እዚያው አሳደሩኝ። ዘይነባ ምንም ሳልነግራት እነሱ ያረዱትን ሥጋ እንደማልበላ ገብቷት ለብቻዬ በአዲስ ድስት እንቁላል ጠበሰችልኝ። ድስቱ ላይ የዋጋው ወረቀት ገና ተለጥፎ ነበር። አገሬ ላይ ለማላውቀው እንግዳ እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱን አልነግራችሁም።

በሦስተኛው ቀን ስነሳ ገብሱ ደርቋል። ሐጂ ሱቃቸውን ሲከፍቱ አንዱን ማዳበሪያ አየሁና ምን ገብስ እንደሆነ ጠየቅኩ።

«የቢራ ነው። ፋብሪካው የመለሰው።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«ኧረ! ጠግቦ ነው።»

«ገብስ ይጠግባል እንዴ?»

«ነይ ላሳይሽ» አሉና ከዚያ ማዳበሪያ አንዲት ፍሬ ወስደው በምላጭ ለሁለት ሰነጠቋት። ውስጧ እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል። ከሌላ ማዳበሪያ ሌላ ሰነጠቁ፤ ይቺ ውስጧ እንደ ጠመኔ ነጭ። «ጠመኔ የመሰለውን ለቢራ ይወዱታል። እንደ ቀንድ የጠነከረውን ይመልሱታል። ላም የምታልብ ሴት ደግሞ የተመለሰውን ነው የምትሻማው፤ ወተቱ እሱ ውስጥ ነው ትላለች። እኔ የደንበኞቼን ነው የምነግርሽ።»

ልቤ ዘለለ። «እስቲ የእኔን ሰንጥቁልኝ።»

ሰነጠቁ። ጠመኔ። ሌላ አስሰነጠቅኩ። ጠመኔ። አምስተኛውን ራሴ ምላጩን ይዤ ሰነጠቅኩት።

«ጥቁር እኮ ነው!» አልኩ።

«ቀለሙ ልብሱ ነው፣ እናቴ» አሉኝ በለሆሳስ።

አላመንኩም። ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ከብት ምን ያውቃል አልኩ በሆዴ፣ ቤታቸው አድሬ፣ እንቁላላቸውን በልቼ። ምላጩን ግን ለመንኳቸው፤ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ወደ ወንጪ የሚወጣው መንገድ ጠጠር ነው፤ ሚኒባሱ እንደ ወንፊት ያንገዋልላል። ላይ ስንደርስ ብርዱ የእኛው የአንጎለላ ብርድ ሆነና ደስ አለኝ። አስካለና ባሏ ኦቦ ፈይሳ ፈረስ ይዘው ጠበቁኝ። አስካለ ታናሽ እህቴ ናት። ፈይሳ ወጣት ወታደር ሆኖ ደብረ ብርሃን ሳለ አግብቷት ወሰዳት፤ እዚያው ቀረች። አሁን አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛ ገብቷል። እኔን አቅፋ እያለቀሰች ለፈረሱ «ዻበዹ!» ትላለች፤ ቁም ማለት ነው።

ፈረሱ ዳማ ይባላል፤ እንግዶችን ወደ ሐይቁ የሚያወርድ እሱ ነው፣ የቤቱ መተዳደሪያ። ተሾመ እንዳለው ነው፤ ቆዳው ፊት ያሳያል። ፈይሳ አንስቶ ላዩ ላይ አስቀመጠኝ። ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ስለ ሐይቁ ማማር ከእኔ አትጠብቁ።

ቤታቸው በእንሰት የተከበበ ነው። እንሰት ሙዝ ይመስላል፣ ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው የሚበላው። ቆጮውን በአይብና በጎመን አቀረቡልኝ፤ መጀመሪያ ጎመዘዘኝ፣ በሦስተኛው ጉርሻ ለመድኩት። የላማቸው ወተት ግን! ከላይ እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚለብሰው። ቤቱ ጴንጤ ሆኗል፤ ጠላ አይጠመቅም። «አተላ ከሌለ ላሟን ምን ታጠጪያታለሽ?» አልኳት አስካለን።

«ገብስ ከክተን በውሃ ነክረን።»

«የትኛውን ገብስ?»

«የቢራውን» አለ ፈይሳ ቀድሞ። «ለከብቴ ይሻላል ብዬ ለፋብሪካ ሳልሰጥ ያስቀረሁት ነው።»

አስካለ ሳል መጣባት። ያኔ አልገባኝም።

በአራተኛው ቀን የመጣሁበትን ነገር ነገርኳቸው። ፈይሳ እጁን አጨበጨበ። «እትዬ ሙላቷ፣ ምን ያከራክረናል? ዳማ ይፍረድ። ፈረስ ጉቦ አይበላም።» ሁለት ሳፋ አመጣን። በአንዱ የእኔን ጥቁር ገብስ፣ በአንዱ የእሱን የቢራ ገብስ አደረግን። ፍርዱን ለማየት ጎረቤት ሁሉ መጣ።

ዳማ መጀመሪያ የእኔን አሸተተ። «ዹጋ!» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ እውነት ነው ማለቱ። ፈረሱ አንድ ጊዜ አነጠሰበትና ወደ ፈይሳ ሳፋ ዞረ። ላሰው። ጨርሶ የሳፋውን ቂጥ ሲያንኳኳ ወደ እኔው መጥቶ ግማሹን በላ፣ ግማሹን ተወው። ሰዉ ሳቀ። ፈይሳ ግን አልሳቀም፤ ይህም ደንቆኛል።

እኔ እጅ አልሰጠሁም። የጣመ ሁሉ አይጠቅምም። በማግስቱም ጥቁሩን ለብቻው፣ በሚቀጥለው ቀን የቢራውን ለብቻው አስበላሁትና ሁለቱንም ጊዜ ፋንድያውን በወንፊት አጠብኩ። መኖ ሆድ ውስጥ ምን እንደሠራ የሚናገረው እሱ ነው፤ ፍሬው እንዳለ ከወጣ ከብቱ አልተጠቀመበትም። አስካለ አየችኝና ጮኸች።

«በወንፊቴ! እትዬ፣ በዱቄት ወንፊቴ!»

«አጥቤ እመልስልሻለሁ።»

«ተይው፣ የዶሮዎቹ ቤት ክዳን ይሁን! ደግሞ ጎረቤት ምን ይላል? እህቷ ከአንጎለላ መጥታ ፋንድያ ትፈተፍታለች ይበሉኝ?»

ጎረቤት ያለውን አላውቅም። ወንፊቱ ያለውን ግን አየሁ። ጥቁሩ ገብስ ብዙው ከነልብሱ እንዳለ ወጥቷል። ከቢራው የወጣው ጥቂት ነው።

በቃ ተሸነፍኩ። ማታ እራት አልበላም አልኩ። በገዛ እጄ በሬዎቹ ፊት የማፈሰውን ዘር እያሰብኩ ተኛሁ።

በሰባተኛው ቀን ልሰናበት ወደ ጎረቤታቸው ወደ ገመቹ ቤት ገባሁ። ደጃፉ ላይ ላሙ ቆማለች፤ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። «ምንድነው የምታበላት?» አልኩት።

«የቢራ ገብስ፣ አዴ» አለኝ፤ እትዬ ማለቱ ነው። «ለፋብሪካ ከሰጠሁት የተረፈውን፣ እንደ ፈይሳ ከክቼ፣ ነክሬ። ላሟ ግን አልወፍር አለች።»

ጆሮዬ ቆመ። «ዘሩን ከየት አመጣኸው?»

«ከፈይሳ ጋር ነው። አንድ ማዳበሪያ ለሁለት ተካፍለን።»

ምላጬን አወጣሁ። ገመቹ አስማተኛ የመጣችበት መስሎት ወደ ኋላ አለ። ገብሱን ሰነጠቅኩ፤ ጠመኔ። አሥር ሰነጠቅኩ፤ አሥሩም ጠመኔ። እየሮጥኩ፣ እንዳቅሜ ማለት ነው፣ ተመልሼ ከፈይሳ ጎተራ ሰነጠቅኩ። ቀንድ። አንድ ማዳበሪያ፣ አንድ ዘር፣ አንዱ ጠመኔ አንዱ ቀንድ!

«ፈይሳ» አልኩት፣ «ይህን ገብስ ለከብትህ ብለህ አይደለም ያስቀረኸው። መልሰውብህ ነው።»

አንገቱን ደፋ። አስካለ «ንገራት፤ እህቴ አይደለች?» አለችው።

«ነይ» አለኝና ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ማሳ ወሰደኝ። አፈሩ በእጅ ሲዘገን እንደ ቅቤ ይላላል። እነሱ በረታቸውን አንድ ቦታ አይተክሉትም፤ ደላ ይሉታል፣ አጥሩን እየነቀሉ ከብቱን በየጊዜው ሌላ የማሳ ጥግ ላይ ያሳድሩታል። እበቱም ሽንቱም እዚያው መሬት ይገባል። «ይሄ ለሦስት ዓመት ከብት ያደረበት ነው» አለኝ። «ምርጥ ዘር ነው ሲሉኝ ምርጡን መሬት ሰጠሁት። ገመቹ ድንጋያሙ ላይ ዘራ፤ እኔ ሳቅኩበት። ስናስረክብ የገመቹን ወሰዱ። የእኔን በመሣሪያ አዩና ፕሮቲኑ በዝቷል፣ ቢራ ያደፈርሳል አሉኝ። አህያዬን ጭኜ በአገር ፊት ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ለፈረሴ ብዬ ነው እላለሁ።»

እኔ ግን እሱን እየሰማሁት አልነበረም። የማስበው የእኔን ማሳ ነበር። እኔ ከብቶቼ የጣሉትን ስንቱን ዓመት ለቅሜ፣ ጠፍጥፌ፣ አድርቄ አንድጄዋለሁ? መሬቴ መቼ ቀመሰው? ጥቁሩ ገብስ ጠመኔ የሆነው የዘራሁበት መሬት የተራበ ስለሆነ ነው። እናቶቻችን ገብሱን ሲያመሰግኑት መሬቱ ገና ጠግቦ ነበር መሰለኝ።

«ፈይሳ» አልኩት፣ «እበት የጠገበ መሬት ላይ የበቀለ ለከብት ነው። አንተ አልተሳሳትክም፤ የተሳሳተው የወሰድክበት ገበያ ነው። አምቦ ሐጂ ሸምሱ ዘንድ ውሰደው፤ ይሻሙልሃል።»

ከቀረችኝ ጥቁር ገብስ ሁለት እፍኝ ሰጠሁትና በዚያ ማሳ ጥግ እንዲዘራልኝ ለመንኩት። የእኛ ቢጠፋ እንኳ የሆነ ቦታ ይኑር። በስምንተኛው ቀን እሱው ዳማ ላይ አድርጎ እስከ መኪናው አወጣኝ፤ ያኔ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ሐይቁን አየሁት። ውኃው ሰማያዊ ነው።

የመልሱ መንገድ ሁለት ቀን ፈጀ፤ በመንገዱ ላይ ተሾመን ምን እንደምለው ሳሰላ ስለነበር ያየሁት የለም። ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ዘሩን አልነካም፤ ቃሉን ጠብቋል።

«እህስ እማዬ፣ የማን በለጠ?»

«የአንተ። ፈረሱም ወንፊቱም ለአንተ ፈረዱ።»

ደስ ሊለው ሲል «ቁጭ በል» አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ምላጩን አውጥቼ የራሳችንን ነጭ ገብስ፣ የራሳችንን ጥቁር ሰነጠቅኩለት። ሁሉም ጠመኔ።

«ስለዚህ የቢራህን ገብስ ዳገቱ ላይ ዝራ» አልኩት። «እበት አታስነካው፤ ደስ ብሏቸው ይወስዱልሃል። ከቤት ጀርባ ያለችውን ቁራሽ ለእኔ ተው። ከዛሬ ጀምሮ ኩበት አልጠፈጥፍም፤ የከብቱ ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው።»

«በምን ልታነጂ?»

«በባሕር ዛፍህ።»

«ባሕር ዛፌን? ልሸጠው ያሳደግኩትን?»

«እኔ ኩበቴን ስሰጥ አንተ ምንም ሳትሰጥ ልትቀር ነው? ቃልህን አላፈረስክም፣ አልፈርድብህም። ብትፈልግ ዘሩን አሁኑኑ አምጣው፤ ለበሬዎቹ አቀርባለሁ። እንደተስማማነው።»

ተነስቶ መጥረቢያውን ፈለገ።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ጭሱ ዓይኔን አጠፋው፤ ኩበት እንደሱ አያጨስም። ጥቁሩ ገብስ ቁመቱ ከእኔ በለጠ፤ ጥጋብ ያልለመደ ነገር ነውና ጥቅምት ላይ እሩቡ ጋሸበ፣ መሬት ላይ ተኛ። ጎረቤት ሳቀ። የጋሸበውን አጭጄ ለላሟ ሰጠኋት። የቆመውን ስንወቃ ምላጩን አወጣሁ፤ የመጀመሪያዋ ፍሬ ጠመኔም አይደለችም ቀንድም አይደለችም፣ መሐል ላይ ናት። ሁለተኛዋ ቀንድ። ሦስተኛዋ ቀንድ። ለበሬዎቹ ሳልከካ ሰጠኋቸው፤ እበታቸውን ሳጥብ ያገኘሁት ፍሬ ከዳማ ፋንድያ ካገኘሁት በጣም ያነሰ ነው። የተሾመን የዳገት ገብስ ፋብሪካው ተረከበው። ማን አሸነፈ ብላችሁ ከጠየቃችሁ እኛም አልተስማማንም።

በሚቀጥለው ግንቦት እኔ ጉልበቴን አሞኝ አልጋ ይዤ ነበር። ጎታው ሲከፈት ሰማሁ። «ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ተሾመ ከጓዳ። «ዝናብ እየመጣ ነው፤ ጥቁሩን ልዘራው ላወጣው ነው። ስንት ቁና ነው ለመጠባበቂያ የምናስቀረው?»

ሳልጠይቀው ነው ያወጣው። ስንት እንደሚቀር ነገርኩትና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ እንዳያየኝ።